ገደሉን ያልጠበቀ ጥሪ

ወልድያ ውስጥ የምጠብቀው ሕንፃ አራት ፎቅ ወጥቶ የቆመ ጅምር ነው። በር የለው፣ መስኮት የለው። ባለቤቱ ብሎኬቱን ደርድሮ ደርድሮ ሲሰለቸው ትቶት ሄደ። ባዶ ሕንፃ ደግሞ ድምፅ አይውጥም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጠብታ ውሃ ጠብ ስትል፣ ምድር ላይ ለቆመው ሰው ከጆሮው ሥር የወደቀች ነው የምትመስለው። ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሆኜ ፌሮውን ስቃኝ፣ አንድ ሰው ከታች ጠራኝ።

«እንድሪስ! ውረድ!»

ስሜ ከግራው ግድግዳ መጣ፣ ከቀኙ መጣ፣ ከደረጃው ሥር መጣ። «ውረድ» የሚለው ቃል ስሜ ሳያልቅ ላዩ ላይ ወጣበት። እግሬ መውረዱን ትቶ ወደ ኋላ ሄደ። ጀርባዬን ከኮለኑ፣ ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር ለጥፌ ቆምኩ። የጠራኝ አሸዋ ያመጣ ሾፌር ነበር። ወጥቶ እንደዚያ ሆኜ ሲያገኘኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምነው ጋሼ፣ ሚስትህ የመጣች መሰለህ እንዴ?»

አልሳቅሁም። «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስትጠራ ስሙን ብቻ ጥራና ዝም በል። ግድግዳው ሲጨርስ ትቀጥላለህ» አልኩት።

«ግድግዳው ምኑን ነው የሚጨርሰው?» አለኝ።

ተውኩት። ለስንቱ ነው የማስረዳው? ነገሩን ሳይነግሩት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አያ ይመር። እሳቸውም የሉ።

አያ ይመር የቅሬያችን ጠሪ ነበሩ። ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብረውን ማኅበር ሌላው አገር እድር ይለዋል፣ እኛ ቅሬ እንላለን። መንደራችን ከመርሳ በላይ ተረተሩ ላይ ናት። ከዚያ ሆኖ ዋናው መንገድ አይታይም፤ የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ቅሬተኛው በሦስት ሸለቆ ተበትኖ ነው የሚኖር። እኛ ዘንድ ደግሞ ጀናዛ አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት ይቀበራል። እኔ ልጅ በነበርኩበት ዘመን ስልክ ስሙ እንኳ አልነበረም። ሟች ሰው አግኝቶ መቀበሩም፣ እንደ ባዕድ በአራት ሰው መቀበሩም ያለው በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ነበር።

ያ ጉሮሮ ቤት ውስጥ ሲሰሙት ያሳፍራል። አያ ይመር ሲያወሩ ድምፃቸው የተቀደደ ወናፍ ነው፤ ነፋሱ ይበዛል፣ ቃሉ ያንሳል። ሱቅ ሄደው «ክብሪት» ሲሉ ባለሱቁ ሁለት ጊዜ «ምን አሉኝ?» ሳይል አይሰጣቸውም። ሠርግ ቤት ጨዋታ ሲጀምሩ ጨዋታው ሳያልቅ ሌላው ሰው ሌላ ጨዋታ ይጀምራል። እሳቸውም ዝም ይላሉ፤ ቅር አይላቸውም። ከመንደሩ ሾላ ሥር ያለችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ነበሩ።

መጀመሪያ ቃል አይጠሩም። ረጅም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚነሳ «ኡ» ብቻ ይለቃሉ። ሞፈር የሚጠርበው እጁን ያቆማል። የምትወቅጠው ሴት ዘነዘናዋን አየር ላይ ትይዛለች። ድምፁ ማዶ ያለው ገደል ድረስ ሄዶ ይመለሳል። አያ ይመር ዝም። ሌላ ሰው ሲጣራ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፤ እሳቸው ጆሯቸው ላይ ነበር የሚያደርጉት። የገደሉ ማሚቶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላሉ፤ አሁንም ይጠብቃሉ። ከዚያ የሟቹን ስም፤ ደግሞ ትንፋሽ፤ ደግሞ የአባቱን ስም። የአንድ ሰው ሞት ተነግሮ እስኪያልቅ ማሰሮ ውሃ ይፈላል። ማንም ግን «ማን ነው ያሉት?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በዚህ ነገር ቀለድኩ። አባ ሀሰን የሚባሉ ጎረቤታችን ብርቱካናቸውን ስለለቀምኩባቸው በልምጭ ገርፈውኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አያ ይመር መርሳ ገበያ መውረዳቸውን አየሁና ድንጋይዋ ላይ ወጣሁ። እንዳየኋቸው አደረግሁ። «ኡ» አልኩ። ገደሉን ጠበቅሁ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አልኩ። ጠበቅሁ። «ሀሰን» አልኩ። ጠበቅሁ። የአባታቸውንም ስም ጨመርኩ።

ሰው ከሦስቱም ሸለቆ እንደ ጉንዳን ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ከሁሉም ኋላ እያለከለኩ፣ አካፋ ትከሻቸው ላይ አድርገው ራሳቸው አባ ሀሰን ደረሱ። ቆላ እርሻቸው ላይ ነበሩ፤ «ኡ» ሲባል ሰምተው ስሙ ሳይደርሳቸው ነው የተነሱት።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

በመጨረሻ አንዷ ሴትዮ «እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

«እኔ?»

«እንደዚያ ነው የተባልነው።»

አባ ሀሰን ሕዝቡን ዞር ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ሆነ። «ወላሂ፣ ለኔ ይህን ያህል ሰው የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። እኔን የገረፈኝ አባቴ ነው እንጂ እሳቸው ከዚያ ወዲህ አልነኩኝም።

ማታውን አያ ይመር ቤታችን መጡ። ለምን ዋሸህ ይሉኛል ብዬ ጥግ ያዝኩ። እሳቸው ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ በዚያች በማትሰማው ድምፃቸው «ገደሉን የጠበቅኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ማን ነገረህ?»

«ሳይዎት።»

«ሰውን ያወጣው ውሸትህ አይደለም፤ መጠበቅህ ነው። የሚዋሽ ሰው ይቸኩላል፤ የሚፈራም ይቸኩላል። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አትጫወትበት፤ ከፈለግህ ነገ ና» አሉ።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያም ለዓመታት ሄድኩ። ሥራዬ ማዶ መቀመጥ ነበር። እሳቸው ድንጋይዋ ላይ ሆነው የወፍ ስም፣ የእንጨት ስም፣ የሰው ስም ይጠራሉ። እኔ ሸለቆውን ተሻግሬ እሰማለሁ፤ ተመልሼ «ምን ደረሰህ?» ሲሉኝ የደረሰኝን እናገራለሁ። «ዋርካ» ይደርሳል። «አደም» ይደርሳል። «ሰፊያ» ግን መንገድ ላይ ይሞታል፤ «ሰ» እና «ፈ» ነፋስ ናቸው፣ ነፋስ ይወስዳቸዋል። ሰፊያ የምትባል ሴት ስትሞት አያ ይመር በስሟ አይጠሯትም ነበር፤ «የአደም እናት» ነበር የሚሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማ ለክብሯ ይመስለዋል። ለጆሮ ነው።

ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆው ላይ ሲተኛ ድምፅ እንደ ውሃ ተኝቶ ይሄዳል፤ ቀትር ላይ መሬት ሲግል ግን ሽቅብ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ደግመው ነው የሚጣሩ። ማሽላ በቆመበት ወር ቅጠሉ ድምፅ ይበላል፤ ወደ እርሻው ሳይሆን ወደ ገደሉ ዞረው ይጣራሉ፤ ገደሉ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ከማን ተማሩት ቢባል ከማንም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው መምጣት አለመምጣቱን እያዩ ነው። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልጅነቴን ሁሉ የተማርኩት ትምህርት ይህ ብቻ ነው። ምን እንደጠቀመኝ ደግሞ እናገራለሁ።

ጦርነቱ አገራችን ሲገባ በመጀመሪያ የወሰደብን ድምፅ ነው። መብራቱ ጠፋ፤ የመርሳ ወፍጮ ቤት ሞተር ዝም አለ። የስልኩ ኔትወርክ ተቆረጠ። ወደ ውርጌሳ የሚወርደው አይሱዙ ማርሽ ሲቀይር ያቃስት የነበረው ማቃሰት እንኳ ናፈቀን። በዚያ ዝምታ መሀል መድፉ መጣ። ከሲሪንቃ በኩል የተተኮሰው ከውርጌሳ በኩል የተተኮሰ ይመስላል፤ ተራራው ያዞረዋል። ሰዉ ከድምፁ ሸሸሁ ብሎ ወደ ተኩሱ ይገባ ነበር። አያ ይመር ደጃፋቸው ላይ ቆመው ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣ! የፊተኛውን ስሙ፣ የኋለኛው የገደሉ ነው!» ይሉ ነበር። በዚያች ድምፃቸው ማን ይስማቸው። እኔ ነበርኩ ተከትዬ የምጮኸው፤ ሰዉም «ይሄ ደግሞ መድፍ ሊያስተምረን ነው» ይለኝ ነበር።

ታጣቂዎቹ መርሳ መድረሳቸው ሲሰማ ሃያ የምንሆን ሰዎች ወደ ላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ወዳለው ዋሻ ወጣን። ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ነበር። እቴ ዘሀራ ከልጇ ከአሊ ጋር ነበረች። ከወልድያ ሸሽቶ መንደራችን የተጠጋ አንድ መምህርም ነበር፤ ኮሌጅ ነው የሚያስተምር፣ ጫማው ለገደል ያልተሠራ። አያ ይመርን እንሸከምዎ ብንላቸው እንቢ አሉ። «ሰው ቢሞት ማን ሊጠራ ነው?» አሉ። ተቆጥቼ ተውኳቸው። አንድ ነገር ቢሆኑ ጥፋቱ የራሳቸው ነው እያልኩ ወጣሁ።

ሰባት ቀን ጥሬ ማሽላ ቆረጠምን። ጭሱ እንዳይታይ እሳት አላነደድንም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጭጋጉ ገና ሳይነሳ ከታች ድምፅ መጣ።

«ኡ» አለ፤ ግን «ኡ»ው ሳያልቅ «ያ ጀማዓ ውረዱ ሰላም ሆኗል እህል ይሰጣችኋል ውረዱ አብሽሩ» አለ። ማሚቶው ቃሉ ላይ ወጣ፣ ቃሉ ማሚቶው ላይ ወጣ። «ውረዱ» የሚለው ብቻ ነበር ከዚያ ክምር መሀል ጥርት ብሎ የሚወጣው። ድምፁ የአያ ይመር ነው። ግን ቀጥኗል፤ ከሆድ ሳይሆን ከአንገት በላይ ነው። እንደሳቸው እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ዋሻው ውስጥ ያለው ሰው ግን በደስታ አለቀሰ። «አያ ይመር ናቸው! በሕይወት አሉ!» አለች እቴ ዘሀራ። ሙሄ ጫማውን ሊያስር አጎነበሰ።

«ቆይ፣ ጥሩ አይደለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ድምፁ የሳቸው ነው። አጠራሩ የሳቸው አይደለም። ገደሉን አልጠበቁም።»

ሙሄ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው በረሀብ ሊያልቅ ነው፣ አንተ ገደል ትላለህ?»

መምህሩ ጣልቃ ገባ። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «ወንድሜ፣ የሰው ድምፅ እንደ ጣት አሻራ ነው። እኒህ ሰውዬ መሆናቸውን ሁሉም አውቋል። አንተ የምትለው የገደል ማሚቶ ነው፤ ማሚቶ ደግሞ እንደ አየሩ ይለዋወጣል።»

«እሳቸው አይደሉም መቼ አልኩ? ሌላ ሰው አጠገባቸው አለ ነው የምለው!»

«እሱንስ በምን አወቅኸው?»

በምን እንዳወቅሁት አፌ ላይ አልመጣልኝም። አሁን ብዕር ይዤ ሦስት ቀን አስቤ የምጽፈውን ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ መናገር ነበረብኝ። ቸኩለዋል አልኩ። ሽማግሌ ሰው ብርድ መትቷቸው ይሆናል አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል አልኩ። ተርበው ነው አሉኝ። ለያንዳንዱ ነገር መልስ ነበራቸው፤ ሁሉም መልስ ደግሞ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ልክ ያልመሰልኩ። ጩኸቴ እየጨመረ ሲሄድ ይብስ የሚዋሽ ሰው ድምፅ እንዳለኝ ለራሴ ተሰማኝ።

አምስት ሰዎች ተነሱ። ሙሄ ነበረበት፣ አሊም። የሙሄን ክንድ ያዝኩ። አስለቀቀኝና «አንተ እዚሁ ተቀምጠህ ገደልህን ጠብቅ፤ እህል ይዤልህ እመጣለሁ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከሳቁት አንዱ መምህሩ ነበር። እሱ ግን አልወረደም፤ ቁርጭምጭሚቴን አሞኛል አለ።

ታጣቂዎቹ ሾላው ሥር ይጠብቁ ነበር። እህል የለም፤ የሚፈልጉት ሸክም የሚሸከምላቸው ሰው ነበር። አምስቱንም ጥይት ሳጥን አሸክመው በተራራው ወሰዷቸው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሦስቱ ጀርባቸው ቆስሎ ተመለሱ። ሙሄና አሊ አልተመለሱም። ሦስቱ «አንድ ሌሊት ተለያየን» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ዋሻው ውስጥ የቀረነው ግን ማንም ሳይነካን ቆይተን ወረድን።

መንደር በገባሁ ቀን መጀመሪያ የሄድኩት አያ ይመር ቤት ነው። የታችኛው ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ሽሯል። መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሳላዳርስ ጠየቅኋቸው፤ መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስለው የመጣሁት ነው።

«አውቀው ነው አይደል? ገደሉን ያልጠበቁት እንዳንወርድ ብለው ነው። ምልክት ነው የሰጡን።»

አዎ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። አዎ ቢሉኝ ወንድሜን የበላው የራሱ ጆሮ ነው፤ እሳቸው ጀግና ናቸው፣ እኔም የጀግና ተማሪ ነኝ፣ ነገሩ ያልቃል።

«የለም እንድሪስ» አሉ። «አንዱ አፈሙዙን እዚህ አድርጎት ነበር» ብለው ማጅራታቸውን ነኩ። «ፈራሁ። ገደሉ ትዝ አላለኝም። አርባ ዓመት የጠበቅሁት ገደል፣ ወላሂ ትዝ አላለኝም።»

«ትዝ ሳይልዎት ቀርቶ አይደለም፣ ልብዎ ያውቃል...»

«አትሸልመኝ» አሉ። «ያልሠራሁትን አታልብሰኝ።»

ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ታጣቂዎቹ ያሏቸውን ዋሽተው፣ ለእኔ አንድ ውሸት መዋሸት ያቃታቸው፣ ያኔ ብቻ እውነት የወደዱ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ልቤ አልፈታላቸውም።

ቅሬው ለዚህ ጉዳይ የተሰበሰበው እቴ ዘሀራ ስለከሰሰች ነው። አያ ይመር ከቅሬ ይውጡ አለች። ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እሳት የሚጭርልህ፣ ውሃ የሚያቀዳህ የለም፤ ስትሞት ሚስትህና ልጆችህ ጎትተው ይቀብሩሃል። የአገሩን ሙታን ሁሉ የጠሩት ሰው እንደዚያ ሊቀበሩ ነው። አያ ይመር ከሾላው ሥር፣ ከሰዉ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠው መሬቱን ይጭሩ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሼህ አራጋው «ወንድሙን ያጣ እሱ ነው፣ እሱ ይናገር» ብለው እኔን አስነሱኝ።

ምልክት ነው የሰጡን ብል ኖሮ የሚያምነኝ ሞልቶ ነበር። ዋሻው ውስጥ የቀሩት ሁሉ እንደዚያ ማመን ይፈልጉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ማውራት ጀምረዋል። አያ ይመር ቀና ብለው አዩኝ። መሬቱን መጫራቸውን ተዉ።

«ምልክት አልሰጡም» አልኩ። «ፈሩ። ማናችንም ብንሆን እንፈራ ነበር። ግን ፍርሃታቸውን ድምፃቸው አልደበቀውም፤ ቃላቸው ውረዱ ሲል ትንፋሻቸው አትውረዱ ይል ነበር። ሳያውቁት ነው። እኔ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም ማስረዳት አቃተኝ። ጥፋተኛ የምትፈልጉ ከሆነ እኔም አለሁበት።»

«ልጄ ጆሮ አልነበረውም ነው የምትለኝ?» አለች እቴ ዘሀራ።

«አይ እቴ። ወንድሜም ጆሮ ነበረው። ርቦት ነበር።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሼህ አራጋው ሽማግሌዎቹን ለብቻ ወስደው ተማከሩና ተመለሱ። ፍርዱ ይህ ነበር፤ ይመር ከቅሬ አይወጣም፤ ሲሞትም ቅሬው ይቀብረዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አይጣራም። ሰዉ «አላህ ይቀበል» ብሎ ተነሳ። ትልቅ እርቅ የሠሩ ነበር የመሰላቸው። እኔ ግን «ይቀበል» አላልኩም። ከሰውዬው ላይ ድምፁን ወስደው፣ ሌላውን በሙሉ ተውንልህ ይሉታል።

የቅሬው ጸሐፊ የተናገርኩትን መዝግቤዋለሁ ብሎ ጣቴን ቀለም አስነክሮ አስፈረመኝ። ምን እንደጻፈ አላወቅሁም። ወልድያ ገብቼ ጥበቃ ከያዝኩ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ «ሀ ሁ» አልኩ፤ ልጆቼ የሚያህሉ ልጆች ሳቁብኝ። ማንበብ እንደቻልኩ ወደ መንደር ሄጄ መዝገቡ ይውጣልኝ አልኩ። ስለ እኔ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ምስክሩ፣ ሰውየው በፍርሃት ሕዝቡን ጠርቶ ማስወረዱን አረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ የጣቴ ቀለም አለ። የተጻፈው ውሸት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ያልኩት ነገር ግን የለበትም። ጸሐፊውን ብጠይቀው «ያው አይደል እንዴ?» አለኝ። ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው ያው ስላልሆነ ነው።

አያ ይመር ከፍርዱ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ኖሩ። ሰው ሲሞት ወጣቶቹ በስልክ ይደዋወላሉ፤ ኔትወርክ የያዘው ይመጣል፣ ያልያዘው በሦስተኛው ቀን ይሰማል። እሳቸው ቀብር ላይ ከኋላ ይቆማሉ። ባገኘኋቸው ጊዜ ስለ ሙሄ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ጣታቸውን አርሰው ሲለኩ አየኋቸው፤ እንዳየኋቸው ሲያውቁ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አገቡት።

በበልግ ሞቱ። ለእኔ ወልድያ ተደወለልኝ፤ በሚኒባስ መርሳ ደርሼ፣ በእግር ወጥቼ አፈር ሲመለስ ደረስኩ። ቅሬው ቃሉን አክብሯል፣ ቀብሯቸዋል። የነበረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ድንጋይዋ ላይ ማንም አልወጣም፤ እኔም ቀድሜ ብደርስ ኖሮ መውጣቴን እንጃ። እቴ ዘሀራ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሰላም ስላት እጄን ይዛ ትንሽ ቆየችና ለቀቀችኝ።

በአራተኛው ቀን፣ እኔ ልመለስ ስል መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ከማዶው ሸለቆ መጡ። ከላይኛው መንደር ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይችል ቀብር ከመጡ ዓመታት አልፏቸዋል፤ የአያ ይመርን ሞት የሰሙት ትናንት ከመንገደኛ ነው። ዱዓ አደረጉና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ ታውቃቸው ነበር?» አሉኝ።

«አውቃቸው ነበር።»

«እኔ አይቻቸው እንደሁ እንጃ፤ ለይቼ አላውቃቸውም። የአባቴን ሞት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የሁለት ልጆቼንም። ደጃፌ ላይ ሆኜ። ምን የሚያህሉ ሰው ነበሩ?»

ተነሳሁና «እዚህ ድረስ» ብዬ በእጄ ደረቴ ላይ አሳየኋቸው። ሽማግሌው እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፤ የምቀልድባቸው መሰላቸው።

«ይቺን ብቻ?»

«ይቺን።»

በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ወደ መቃብሩ ሄደው፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያስጠጉ ቀስ ብለው ለኩት። ሲጨርሱ እዚያው ቆሙ። ደግመው ከግርጌው እስከ ራስጌው ለኩት።